ትልቁን አውራ ዶሮ ለምን እንሸጠዋለን?

ያለፈው ዓመት የሕማማት ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት። ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት። የዶሮ ነጋዴው በር ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ እግራቸው የታሰረ አራት ዶሮዎች ቁልቁል አንጠልጥሏል፤ በሌላው ወደ ግቢያችን ጣቱን ቀስሯል። "ያንን ቀዩን ስጡኝ" ይላል። ቀዩ የግቢያችን አውራ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ቢጫ፣ ሲጮህ ሰፈሩን በሙሉ የሚቀሰቅስ። ነጋዴው የጠራው ዋጋ እኔ ለአንድ ጽሑፍ ከሚከፈለኝ ብዙም አያንስም።

"አይሸጥም" አልኩ።

እማዬ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ታዲያ በምን ልትፈስክ አስበህ ነው? በኢኮኖሚክስ?"

ነጋዴው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም ያ ዶሮ እዚያ ግቢ ውስጥ እንዲቆም ያደረግነው ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍተን ነው፤ ያንን ልፋት ያመጣሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ ሥራ ፈላጊ ሆንኩ። ዲግሪዬ ኢኮኖሚክስ ነው፤ ስለዚህ ኤክሴል ከፍቼ ሀብታም መሆን አያቅተኝም። አንድ ቀን 25 የፈረንጅ ዶሮ፣ የ45 ቀን ቄቦች፣ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉትን ገዝቼ ግቢያችን ጥግ ላይ ቤት ሠራሁላቸው። ኤክሴሉ እንደሚለው በስምንት ወር ወጪዬን እመልሳለሁ፤ በሁለት ዓመት መቶ ዶሮ ይኖረኛል።

እውነቱን ለመናገር ዶሮዎቹ አላሳፈሩኝም። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጥላሉ። እንዲህ ዓይነት ዶሮ በጥሩ አያያዝ በዓመት ወደ 300 እንቁላል ትሰጣለች። የእማዬ የሐበሻ ዶሮዎች በዓመት የሚጥሉት ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው። እማዬ ስድስት እንቁላል በቅርጫት ይዛ ስትገባ እኔ ሁለት ትሪ ይዤ እየተሽቆጠቆጥኩ አልፋታለሁ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል።

ያላሰብኩት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ መኖ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ጭራ አትበላም፤ ከረጢት ነው የምትበላው። የመኖ ዋጋ ሁለት ጊዜ ሲጨምር የእንቁላሉ ዋጋ አንድ ጊዜ ጨመረ፤ ኤክሴሉም ቀይ በቀይ ሆነ። ሁለተኛው ግን የባሰ ነበር። እነዚህ ዶሮዎች አይታቀፉም። አውራም አልነበራቸውም። አውራ ብጨምርላቸው እንኳ የሚወለዱት ጫጩቶች እናታቸውን አይመስሉም፤ ምክንያቱም እናታቸው ራሷ ድርጅቶች ለብቻ ለብቻ ከሚያቆዩዋቸው የተለያዩ ዘሮች ተዳቅላ የመጣች የመጨረሻ ምርት ናት። ያ ጥንካሬ ለአንድ ትውልድ ነው። ለስማርትፎን ተጠቃሚ ላስረዳ፦ የዳታ ጥቅል ማለት ናት። ፈጣን ነው፣ ይጣፍጣል፣ ቀኑ ሲደርስ ያልቃል፤ እንደገና ትገዛለህ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላቸው እንቁላላቸው ቀነሰ፤ ሸጥኳቸው። አዲስ ልገዛ ዋጋ ስጠይቅ ከመጀመሪያው እጥፍ ነበር። በኤክሴሌ ላይ የነበሩት መቶ ዶሮዎች ከየት እንደሚወለዱ ያን ቀን ራሴን ጠየቅሁ።

ይኼን የምለው የፈረንጅ ዶሮ ልወቅስ አይደለም። ከተማ ውስጥ እንቁላል ነጋዴ መሆን የሚፈልግ ሰው እሷን ትቶ የሐበሻ ዶሮ ቢያረባ ይከስራል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ራሱን የሚተካ፣ ከውጭ ጫጩት የማይገዛለት፣ ቤቱን እንቁላልም ሥጋም የሚያበላ መንጋ ይቻላል ወይ? መልሱ ከሃያ ዓመት በላይ ግቢያችን ውስጥ ሲጭር ኖሯል።

እማዬ እኔን ስትገላገል አያቴ ልትጠይቃት ሦስት ዶሮ ይዛ ከገጠር መጣች። ሁለቱ ታረዱ። ሦስተኛዋ፣ ገብስማዋ፣ ልትታረድ ስትል እንቁላል ጣለች፤ እማዬም "እንቁላል የጣለች አራስ ትመስለኛለች፣ አታርዷት" ብላ አስተዋት። ከዚያች ገብስማ የተወለዱት የተወለዱት የተወለዱት ናቸው እኛ ግቢ የኖሩት። ማለትም መንጋው የእኔ እኩያ ነው። ቀይ ወጣ፣ ወሰራ ወጣ፣ ጥቁርም ወጣ፤ ግን በየትውልዱ አንዲት ገብስማ አትጠፋም። እማዬም ለዘር የምታስቀራት እሷን ነበር።

ከዚያ እኔ ገደልኳቸው።

እንዲህ ነው የሆነው። ዶሮዎቼን በሸጥኩበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ገበያው ሲረግብ፣ አንድ አውራ ዶሮ በርካሽ አገኘሁ። ከበዓል ገበያ የተረፈ ነው። "ለዘር ይሆናል" ብዬ ገዛሁና ማታውኑ ከእማዬ ዶሮዎች ጋር ቆጥ ላይ አሳደርኩት። በማግስቱ ክንፉን ጥሎ ያንቀላፋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኩሱ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ አንገት መጠምዘዝ፣ አፍ ከፍቶ ማለክለክ። ፈንግል። በስድስት ቀን ውስጥ 14 ዶሮ ቀበርን። የመጨረሻዋ ገብስማዋ ነበረች። እማዬ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝምም። ባዶውን ቆጥ ጠርጋ አመድ ነሰነሰችበት፤ አንድ ሳምንት ያህል ብዙ አላወራችኝም።

ነገሩን ያነሳችው በአሥረኛው ቀን ገደማ ነው። "አክስትህ ጋ አሉ" አለችኝ።

እኔ ረስቼው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከከተማው ወጣ ብላ ለምትኖረው አክስቴ አንዲት ቄብ በርቢ ሰጥታት ነበር። ርቢ የማታውቁ ካላችሁ፦ ባለቤቱ እንስሳውን ይሰጣል፣ አሳዳጊው ያሳድጋል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። ለከብትና ለበግ የተለመደ ነው፤ ለዶሮም ይደረጋል። እኔ ርቢን የድህነት ውል አድርጌ ነበር የማየው። ለካ መድን ነው። አንድ ግቢ በሽታ ሲገባው ሌላው ግቢ ዘሩን ይዞ ይቆያል፤ ዓረቦኑ ደግሞ ጫጩት ነው። አራት ዓመት ስለ ስጋት ስንማር ይኼን ምሳሌ ያነሳልን አስተማሪ አልነበረም።

የፈንግሉ ወረት እስኪያልፍ፣ ቆጡም በደንብ እስኪጸዳ ሁለት ወር ጠበቅን። ከዚያ ድርሻችንን ልናመጣ ሄድን፦ ሁለት ሴትና አንድ ወጣት አውራ። አንዷ ገብስማ ናት። እማዬ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋት በታክሲ መጣች፤ ረዳቱ ለዶሮዋ ሊያስከፍለን ሲል "ልጅ ናት፣ በጭን ነው የምትሄደው" አለችው።

እንግዲህ ሒሳቡ እዚህ ጋ ይጀምራል። በብር አልሠራውም፤ ብሩ ራሱ አንድ ቦታ አይቆምማ። በእንቁላል ነው የምሠራው።

ስድስት ሴትና ሁለት አውራ አላችሁ እንበል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ሦስት ዙር ያህል ትጥላለች፤ በአንድ ዙር 15 ያህል። ስለዚህ አንዷ 45፣ ስድስቱ 270 እንቁላል። ከሦስቱ ዙር በአንዱ ብቻ እንድትታቀፍ አድርጉ፤ 12 እንቁላል አስቀምጡላት። ከስድስቱ ሥር 72 እንቁላል ይገባል ማለት ነው። ከመቶ 80 ቢፈለፈል 57 ጫጩት። ከነዚህ ግማሾቹ ሁለት ወር ቢደርሱ 28። ግማሽ ሴት፣ ግማሽ ወንድ። ከሴቶቹ ሦስቱ ያረጁትን ይተካሉ፣ ከወንዶቹ ሁለቱ ለዘር ይቀራሉ። የቀሩት 23 ወይ ይታረዳሉ ወይ ይሸጣሉ። ከእንቁላሉ ደግሞ 198 ለቤት ይተርፋል። ጫጩት አልገዛችሁም፣ መንጋው ግን በዓመቱ መጨረሻ ያው ስድስት ሴትና ሁለት አውራ ነው።

አሁን አንዲት ቁጥር ብቻ ቀይሩ። ከተፈለፈሉት ግማሹ ሳይሆን ሩቡ ብቻ ቢያድግስ? 28 የነበረው 14 ይሆናል። አምስቱን ለምትክ አንሱ፤ የሚተርፋችሁ 9 ነው። ከ23 ወደ 9። እንቁላሉ አልተነካም፣ ዶሮዋ አልተነካችም፤ የተለወጠው የጫጩት ሞት ብቻ ነው። ያለ እንክብካቤ በየግቢው በሚለቀቁ ጫጩቶች ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ ማለቅ ብርቅ አይደለም። "የሐበሻ ዶሮ አታዋጣም" ሲባል ሁሉም የሚያወራው ስለ እንቁላሏ ማነስ ነው። የሚፈሰው ግን በሌላ ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ያለንን ትንሽ ጉልበት በሙሉ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ላይ አዋልነው። የሠራነው ነገር የሚያስደንቅ አይደለም። ጫጩት ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሳጥን፤ ውስጡ የተከካ በቆሎና ስንዴ፣ ሲገኝ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ። ትልልቆቹ አይገቡም፣ አይቀሙም። ለውኃ ጠፍጣፋ ሳህን ከነጠጠር፣ እንዳይሰምጡ። ከላይ ለጭላት አሮጌ መረብ። ሌሊት ለሽለምጥማጥ የሚዘጋ በር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ሌሊቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ገለባ በገፍ።

ጊዜውንም መረጥን። እዚህ ላይ ሙሉ ክብሩ የእማዬ ነው። በዓቢይ ጾም እንቁላል የሚበላ የለም፣ ዋጋውም ይወርዳል። ታዲያ ያን ጊዜ እንቁላሉን ለምን በርካሽ እንሸጠዋለን? ከዶሮዋ ሥር ይግባ። የካቲት የታቀፈችው መጋቢት ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ላባ ያወጣሉ። ወንዶቹ "ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ፣ ለገና ይወፍራሉ" ትላለች። በሐምሌና በነሐሴ የተፈለፈለ ጫጩት ግን እኛ አገር ከጭቃና ከብርድ ጋር ነው የሚታገለው። ኤክሴሌ ላይ ወር የሚባል ዓምድ ነበር፤ ጾምና ክረምት የሚል ግን አልነበረም።

ማስታቀፉ ራሱ ደስ የሚል ሥራ ነው። ዶሮዋ መጣል ስታቆም ከጎጆዋ አልነሳ ትላለች፣ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ያኔ እንቁላል ትመርጣላችሁ፦ ከአሥር ቀን ያልበለጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ መጠኑ መካከለኛ። እማዬ ሾጣጣው ወንድ ይሆናል ትላለች፤ አይሆንም፣ ግን ተከራክሬ አላሸነፍኩም። ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ጎጆው ውስጥ ሚስማር ታስቀምጣለች፤ ሚስማሩ ምንም ስለማይጎዳ ዝም ብያለሁ። እኔ ያዋጣሁት የስልኬን መብራት ነው። በሰባተኛው ማታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የስልኩን ፍላሽ አብርታችሁ እንቁላሉን በሰፊው ጫፉ በኩል አስጠጉት። ጽንስ ካለው ቀያይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ታያላችሁ። ከሌለው ወለል ብሎ ይታያል፤ ይወጣል፣ ለሚሞቀው ቦታ ይለቃል። እማዬ መጀመሪያ ስታየው አማተበች። ሁለተኛው ዙር ላይ "ስልክህን አምጣ" ብላ ራሷ ጠራችኝ። ስልኬ ከገዛሁት ጀምሮ የሠራው ትልቁ ቁም ነገር ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ 21 ቀን መጠበቅ ነው። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ፤ ዶሮዋ ግድ አልሰጣትም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈልፈያ ልግዛ ብዬ የተመኘሁበትን ጊዜ አስታወስኩና ሳቅሁ።

ክትባቱ ግን በእናትና ልጅ የሚያልቅ ጉዳይ አልሆነም። የፈንግል ክትባት አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ለአንድ ዶሮ ሲካፈል ዋጋው ኢምንት ነው። ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ ዋን በዓይን ጠብታ፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ላሶታ፣ ከዚያ በየጥቂት ወሩ ድጋሚ። ታዲያ ስንቱ ለምን አያስከትብም? ከብልቃጡ ነው ነገሩ። እኛ ያገኘነው ለ100 ዶሮ የሚሆን ነበር። የእኛ ዶሮ ከነጫጩቱ 17። ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል፤ ከዚያ በፊትም ቅዝቃዜው መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ብቻውን የሚያስከትብ ሰው 83 ጠብታ ሊደፋ ነው የሚገዛው። ጎረቤቱ ካላስከተበ ደግሞ በሽታው አጥር አይፈራም።

ከአጥሩ ማዶ ያሉትን እትዬን አነጋገርኩ። መጀመሪያ "ፈንግል የመጣ ጊዜ ያንተ ዶሮ አይደል ያመጣው?" አሉኝ። አዎ። እሳቸውም ስምንት ቀብረዋል። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ይቅርታው ዘግይቷል፣ ግን ሰሙኝ። የእትዬ ልጅ የሰፈሩን ዶሮ ባለቤቶች ቴሌግራም ላይ ሰበሰበችልን። ግሩፑን "ቆጥ" አለችው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዶሮዎቹ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዘን ሰባት ቤት ዞርን። 94 ዶሮ። ብልቃጡ ሊያልቅ ስድስት ጠብታ ቀረው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ዞረናል፤ ፈንግል አልተመለሰም። ዕድልም ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰፈር ሳይንስ አይሠራም። ከገበያ የመጣ ዶሮ ግን ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ እኛ ግቢ አይገባም። ይኼን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ነጋዴውና ወደ ቀዩ እንመለስ።

በዓል ሲመጣ ከመንጋው መጀመሪያ የሚሸጠው የትኛው ነው? ትልቁ። ቶሎ ያደገው፣ ላባው ያማረው፣ ቀዩና ገብስማው፣ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ የደማው። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለሱ ነው። ግቢ የሚቀረውስ? ነጋዴ ያልፈለገው። ቀጫጫው፣ ዘግይቶ ያደገው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሚወለዱት ጫጩቶች በሙሉ አባታቸው እሱ ነው። ይኼ በዓመት ሦስት አራት በዓል፣ ለስንት ትውልድ ሲደጋገም አስቡት። ከዚያ ቁጭ ብለን "የሐበሻ ዶሮ ትንሽ ናት፣ አታድግም" እንላለን። አሳንሰናት እኮ ነው።

ነገሩ በተቃራኒው ቢኬድ ምን እንደሚሆን የታየበት ቦታ አለ። ከምዕራብ ኦሮሚያ፣ ከሆሮ አካባቢ የመጡ ዶሮዎች ላይ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከኔዘርላንድሱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2008 የመራጣ ሥራ ጀመረ። ከሌላ ዘር ጋር አላዳቀሏቸውም። በየትውልዱ የተሻለ የጣለችውንና የተሻለ ያደገውን ለወላጅነት ማስቀረት፣ ሌላውን ማስወጣት፤ በቃ። በሰባት ትውልድ ገደማ የእንቁላሉ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የቄብና የአውራ ክብደትም ወደ እጥፍ ተጠጋ። ያው የሐበሻ ዶሮ ናት። ልዩነቱ ማን ለዘር እንደሚቀር መወሰኑ ላይ ነው። እነሱ ጋ መዝገብ፣ ቤትና ባለሙያ አለ፤ እኛ ጋ የእማዬ ዓይንና የእኔ ስልክ። የእኛ በሰባት ትውልድ እጥፍ አይሆንም። ቢያንስ ግን ወደ ኋላ አይሄድም።

እኛም እየመዘገብን ነው። የየዶሮዋ ፎቶ፣ የጣለችበት ቀን፣ ስንት ፈለፈለች፣ ስንት አሳደገች። አንዲት ወሰራ አለች፣ በእንቁላል አንደኛ፤ ጫጩቶቿን ግን እየረገጠች ትጨርሳቸዋለች። እንቁላሏን እንወስድና ለገብስማዋ እናስታቅፋለን። ገብስማዋ ጭላት ሲመጣ ሁሉንም ክንፏ ሥር ታስገባለች፤ እንዲያውም አንዴ እኔንም ነክሳኛለች። መታቀፍ የማንፈልግበት ዙር ላይ ደግሞ ሰፈራችን የሚያውቀው መላ ዶሮዋን ቁልቁል መስቀል ወይም አፍንጫዋ ውስጥ ላባ ማስገባት ነው። እኔ አልወደውም፤ እትዬ ጋ ለጥቂት ቀን እንልካታለን፣ ቦታው ሲቀየርባት ትተወዋለች።

ቀዩ ለዘር ይቅር ካልን ሌላ ችግር አለ። ያው አባት፣ ያው ግቢ፣ የራሱ ልጆች። ወንድምና እህት ሲዳቀሉ የሚወለደው ከዘረ መሉ በአማካይ ሩብ ያህሉ ከእናትም ከአባትም የመጣ አንድ ዓይነት ቅጂ ነው፤ የተደበቀ ድክመት ይወጣል፣ የመፈልፈልና የማደግ አቅም ይወርዳል። የመንጋው ብዛትም ያታልላል። ቀመር ልስጣችሁ፣ አንድ ብቻ፦ የአውራውን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር አባዙ፣ በአራት አባዙ፣ ለጠቅላላው ቁጥር አካፍሉ። አንድ አውራና ስድስት ሴት? ሃያ አራት ሲካፈል ለሰባት፣ ሦስት ተኩል የማይሞላ። ግቢያችሁ ውስጥ ሰባት ዶሮ ቆጥራችኋል፤ ዘሩ ግን የሚያውቀው ሦስት ተኩል ነው። ሁለተኛ አውራ ብትጨምሩ ስድስት ይሆናል። አንድ አውራ እንደዚህ ውድ መሆኑን ነጋዴው አያውቅም።

ስለዚህ ሦስት ቤት ሆነን ዙር ጀመርን፦ እኛ፣ እትዬና አክስቴ። ሴቶቹ ከቤታቸው አይንቀሳቀሱም። በየዓመቱ የኛ ወጣት አውራ ወደ እትዬ፣ የእትዬ ወደ አክስቴ፣ የአክስቴ ወደ እኛ። አባት ልጁን የሚያገኝበት ዕድል የለም። ይኼን መንገድ ዘር ጠባቂ አርቢዎች በሌላም አገር ይሠሩበታል፤ እኛ ጋ ግን ርቢን ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው የጠየቀው። አክስቴ ወዲያው ገባት። "አውራውን ዳርነው በላ" አለችኝ።

ሀብታም ሆኛለሁ ወይ? አልሆንኩም። አሁን ሰባት ሴትና ሁለት አውራ አለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቤታችን እንቁላል አልገዛም፣ ለበዓል ዶሮ አልገዛም፤ የተረፈውን እማዬ ትሸጣለች፤ የሐበሻ እንቁላል ከፈረንጁ ስለሚወደድ ገዢ አታጣም። ለአምስት ሰው ደመወዝ የሚከፍል ነገር አይደለም። ቦታም ይፈልጋል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ ይኼን አንብባችሁ ጫጩት እንዳትገዙ። ወጡ ላይ ግን ልዩነቱ አለ። የሐበሻ ዶሮ እሳት ትችላለች፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ሽንኩርቱ እስኪበስል አይፈርስም።

የሕማማቱ ሐሙስ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። እማዬ ብሩን የፈለገችው ለቅቤና ለሽንኩርት ነበር፤ የታናሽ እኅቴ የትምህርት ቤት ክፍያም አለ። እኔ ስለ ትውልድና ስለ መራጣ ሳወራ ነጋዴው እግሩን እየቀያየረ ይጠብቃል። በመጨረሻ እማዬ እጇን ዘረጋች። ወደ ነጋዴው አይደለም፣ ወደ እኔ።

"እሱ ያለውን ዋጋ ክፈለኝና ያንተ ይሁን።"

ስልኬን አወጣሁ። የዚያ ወር ሁለት ጽሑፍ ተከፍሎኝ ነበር። እዚያው ነጋዴው ፊት በቴሌብር ላክሁላት፤ መልእክቱ እስኪገባ ስልኳን ይዛ ጠበቀች። ለነጋዴው ሁለት ዘግይተው ያደጉ አውራዎች ሸጠችለት፤ እያጉረመረመ ገዛ። ቅዳሜ ማታ ያረድነው ቀጫጫውን ጥቁር ነው። እማዬ ቅልጥሙን ለእኔ አወጣችልኝና "ኢኮኖሚክስህን ብላ" አለችኝ።

ቀዩ በሕግ የእኔ ነው፤ ግን ተራው ደርሶ መስከረም ላይ ወደ እትዬ ተሻገረ። አሁን ከአጥሩ ማዶ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይጮኻል። ገብስማዋ ዘንድሮም የካቲት ላይ 12 እንቁላል ታቅፋ 11 ፈለፈለች። አንዱን ጭላት ወሰደው። አሥሩ መረቡ ሥር ናቸው፤ ሁለቱ ገብስማ ናቸው፣ ሴት ይሁኑ ወንድ ገና አልለየንም።